ስንት ዓይነት ነቀርሳ አለ

አባቴ ካንሰር እንደያዘው ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አባቴ ነው። ጎረቤቱ ያውቃል። የዕድሩ ዳኛ ያውቃል፤ እንዲያውም ድንኳኑ አንድ ጎኑ እንደተቀደደ ለአጎቴ አስቀድሞ ሹክ ብሎታል። እኔ የምነዳት ባጃጅ ላይ የሚሳፈሩ ሰዎች ሳይቀሩ ያውቃሉ። ከኋላዬ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሱ አባት እኮ ነው» ይባባላሉ። ባጃጇ ውስጥ መስታወት እንዳለ፣ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ እኔ እንዳለሁ ይረሱታል።

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቴፒ አካባቢ ቡና እርሻ ላይ የሠራተኛ አለቃ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ነው ሚዛን ገብቶ ከቤቱ ጀርባ ሙዝና ጎደሬ የተከለው። ሲያስለው «የቡና አቧራ ነው» ይላል። ከቡናው ከተለየ አምስት ዓመት አልፎታል፤ አቧራው ግን ታማኝ ነው፣ አልተለየውም። ሲከሳ ደግሞ «ጾሙ ነው» አለ። ጾሙ ተፈታ፣ ሰውነቱ ግን አልተመለሰም። ያኔ ታላቅ እህቴ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው። ለምርመራ ጅማ ተላከ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ተመልሰን ዶክተር ፊት ቆምን።

ቆምን ስል እኔ፣ እህቴና አጎቴ ነን። አባቴን ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ትተነዋል። የራሱን ሳንባ ፎቶ በፖስታ አቅፎ ተቀምጧል። የሳንባው ባለቤት ውጭ፣ ስለ ሳንባው የሚደረገው ስብሰባ ውስጥ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ከኔ ብዙም አይበልጥም። ካንሰር መሆኑን፣ ከሳንባው አልፎ ጉበቱ ጋ መድረሱን፣ ኦፕራሲዮን እንደማይሆን ነገረን። የሚቻለው ህመሙን ማስታገስ ነው አለ። እህቴ ስንት ጊዜ እንደቀረው ጠየቀችው። «እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም። ግን ወራት ነው። አራት፣ ቢበዛ አምስት» አላት። ከዚያ «ለእሳቸው እኔ ልንገራቸው ወይስ እናንተ ትነግሯቸዋላችሁ?» አለ።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው። ድሮ የቀበሌ ሊቀመንበር ስለነበር እስከ ዛሬ ሲናገር ፊቱ ማይክ ያለ ይመስለዋል። ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዶክተር፣ በቅድሚያ እናመሰግናለን። እኛ ግን ባህል አለን። እንዲህ ያለ ነገር ለሽማግሌ ፊት ለፊት አይነገርም። መርዶ እንኳ የራሱ ሥርዓት አለው።»

«ይሄ መርዶ አይደለም» አለ ዶክተሩ። «እሳቸው እኮ በሕይወት አሉ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አለ አጎቴ።

«ቢያውቁ ይሻላል። ሊያደርጉት የሚፈልጉት ነገር ይኖራል።»

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። «ከነገርነው በድንጋጤ ይሞታል።»

«ካልነገርነውስ አይሞትም?» አልኩ እኔ።

አስወጡኝ። ሄጄ አባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። «ምን አሉ?» አለኝ። «ዶክተሩ ጽሕፈቱ አይነበብም» አልኩት። የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በነሱ ላይ የምጮኸውን ሁሉ ይሄን እያወቅኩ ነው የምጮኸው።

ለአባቴ የተሰጠው በሽታ ብርድ ነው። «ሳንባህን ብርድ መትቶታል» አለው አጎቴ። አባቴ ገላምጦ አየው። «ለብርድ ጅማ ድረስ ይኬዳል?» አለ። አጎቴ «የጅማ ብርድ መለኪያ የተሻለ ነው» አለው። በሕይወቴ ሙሉ ያጠናሁት ፊዚክስ ሁሉ እዚያች ላይ ሞተ፤ አጠናሁ ስል እስከ አስራ አንደኛ ነው።

ከዚያ ጠያቂ ይጎርፍ ጀመር። የኛ አገር ጠያቂ ታውቁታላችሁ። ብርቱካንና የታሸገ ጁስ ይዞ ይመጣል፣ ቁጭ ይላል፣ አጥንቱ የቀረ ሰውዬ ላይ አፍጥጦ «አሁንማ ቀለል ብሎሃል» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በዚሁ ዓይነት ሳል ስለሞተ ሰው ያወራል። ሲወጣ እናቴን በሩ ላይ ይዞ ያለቅሳል። ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ ቀልቶ «ጭሱ ነው» ይላል። ቤት ውስጥ ጭስ የለም፣ በኤሌክትሪክ ነው የምናበስለው። በግራ በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን ፕሮቴስታንት ናቸው፣ መጥተው እጃቸውን ጭነው ጮክ ብለው ጸለዩለት። በቀኝ ያሉት ጠበል በላስቲክ ጠርሙስ አመጡ። አባቴ ሁሉንም ተቀበለ። ሲሄዱ «ብርድ ይሄን ያህል ተወግዞ ካልወጣ ብርድ አይደለም» አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ያወቀ መሰለኝ፣ ፈራሁም፣ ደስም አለኝ። ግን አላወቀም፤ ብቻውን እየፈራ ነበር። ማታ ማታ ግድግዳ ያያል። እኛ ደግሞ «እንዳይፈራ» ብለን ነው የምንደብቀው።

እናቴ የበሽታውን ስም አፏ ላይ አታደርገውም። «ያ ነገር» ነው የምትለው። ስሙን ከጠራችው ገብቶ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ይመስላታል። እንግዲህ ቤታችንን ጉድ የሠራት ይህችው ሴት ናት።

እሑድ ነው፣ ሁላችንም ቤት ነን። እኔ በረንዳ ላይ የባጃጄን ካንዴላ እጠርጋለሁ። እናቴ ጓሮ ሆና ሸዋ ቤንች ካለችው እህቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ዝናብ ነው፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ያ ነገር ነው አሉ... ያ ነገር... እንዴ፣ ያ ነገር ነው የምልሽ» ትላለች። እህቷ አልሰማ አለቻት። እናቴ ድምጿን ጨመረች። «ያ ክፉው... አይ ብርድ አይደለም... ነቀርሳ። ነ-ቀር-ሳ። ሳንባው ላይ።»

እናቴ ወር ሙሉ አልጠራም ያለችውን ስም ኔትወርክ በፊደል አስቆጠራት። ሰፈሩ ሰማ። አባቴም ሰማ።

ጋቢውን እንደለበሰ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ነቀርሳ ነው?» አለ። እህቴ የያዘችው ሳህን እጇ ላይ ቀረ። አጎቴ፣ ያ ሁሉ ንግግር ያለው ሰውዬ፣ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲቆም መልሶ ሳቀ።

«ይሄን ነው የደበቃችሁኝ? እናንተ ሰዎች ገደላችሁኝ እኮ። እኔ ያ መጥፎው መስሎኝ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። እርሻው ላይ እያለሁ ስንት ነቀርሳ አይቻለሁ። አንድ ለቃሚ ነበር፣ ደም ሲተፋ በቃ ሬሳ ነው ብለን ተውነው። ስድስት ወር መድኃኒቱን ዋጠና እንደ በሬ ወፈረ። ዛሬም አለ።»

መጀመሪያ አልገባኝም፤ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ለአባቴና ለዕድሜ እኩዮቹ የሳንባ ነቀርሳ ማለት ቲቢ ነው። ድሮ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው እንደዚያ ይል ነበር። ለእናቴ ደግሞ ነቀርሳ ማለት ያው ካንሰር ነው። አንዱ የሚድን፣ አንዱ የሚገድል፤ ስማቸው አንድ። እናቴ ስለ አንዱ ተናገረች፣ አባቴ ሌላውን ሰማ።

አጎቴ አንድ ደቂቃም አላባከነም። «አዎ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ስድስት ወር ነው» አለ፣ ማይኩ ተመለሰለት። በኋላ ጓዳ ስንሰበሰብ እህቴ እንባዋን ጠርጋ «እኛ እኮ አልዋሸንም» አለች። «ነቀርሳ ነው። ሳንባው ላይ ነው። የዋሸነው ነገር የለም።» እህቴ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ወረቀቱ ከተሟላ እውነት ነው።

ግን አባቴ በሽታውን ያውቀዋል፣ ደንቡንም ያውቃል። በማግስቱ «መድኃኒቱን በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሰው ፊት ነው የምውጠው» አለ። ተደናገጥን። እህቴ «ደንቡ ተቀይሯል አባዬ፣ አሁን ከቤተሰብ አንድ ሰው ያያል» አለችው። ያ አንድ ሰው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመውጣቴ በፊት ፊቱ እቆማለሁ። ማስታገሻውንና እህቴ የገዛችውን ቫይታሚን ይውጣል፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ምላሱን ያነሳል።

«አየኸኝ?»

«አየሁህ አባዬ።»

«ምላሴ ሥር?»

«ምንም የለም።»

«ጥሩ። አንዳንዱ እኮ ደብቆ ይተፋዋል፣ ከዚያ ይሞታል» ይለኛል፣ እንደ ጤና ሠራተኛ።

በሦስተኛው ቀን «ሽንቴ ቀይ መሆን ነበረበት» አለ። የቲቢ መድኃኒት ሽንት ያቀላል፣ እርሻ ላይ ያየው ነው። የሱ ደግሞ በቫይታሚኑ ቦግ ያለ ቢጫ ሆኗል። አጎቴ «አዲሱ መድኃኒት ቢጫ ነው የሚያደርገው፣ ከውጭ የመጣ ነው» አለው። አባቴ ረካ። አዲስ መድኃኒት ደረሰኝ ብሎ ኮራ እንዲያውም።

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ አካባቢ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውዬው ግድግዳ ማየት ተወ። የቀን መቁጠሪያው ላይ በእስክሪብቶ ቀን ይሰርዛል። ከሙዙ ሥር ቁንዶ በርበሬ ሊተክል አሰበ፣ ችግኙን ከየት እንደማመጣ ነገረኝ። «ተዉት፣ ተስፋው ነው» ሲሉ ዝም አልኩ። ምናልባት እኔ ነኝ ደደቡ አልኩ።

ግን ቲቢ ይጋባል።

ይሄን ማንም አላሰበበትም። አባቴ አሰበበት። በሳምንቱ ጽዋውን፣ ማንኪያውን፣ ሳህኑን ለየ፤ እንዳይቀላቀልብን ቀይ ክር አሰረበት። አልጋውን አስነስቶ እቃ የምናስቀምጥባት ክፍል ገባ። ሚዛን ላይ ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ አይታወቅም፣ እሱ መስኮቱን ከፍቶ ይተኛል፣ «አየር መግባት አለበት» ብሎ። ጠያቂ ሲመጣ «ከዚያ፣ ከዚያ ሆናችሁ» ይላል። ካንሰር መሆኑን የሚያውቁት ሰዎች፣ እንደማይጋባ እያወቁ፣ ራቅ ብለው ቆመው ብርቱካኑን መሬት ላይ ያስቀምጣሉ። ሊጠይቁት የመጡትን እሱ ከሞት ያድናቸዋል። እናቴ ገብታ ልታቅፈው ስትል ይጮኽባታል።

ከሁሉም የከፋው የእህቴ ልጅ ነገር ነው። አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ማጂ አስተማሪ ስለሆነ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው፤ እዚሁ ግቢ ነው ያደገችው፣ አባቴ ጀርባ ላይ ነው ያደገችው ማለት ይሻላል። ጠዋት ስትነሳ ወደ እናቷ አይደለም የምትሮጠው፣ ወደሱ ነው። አባቴ በክፍሉ በር ላይ አግዳሚ ወንበር በአግድም አቆመባት። «ከዚህ አታልፊም።»

«ለምን አባባ?»

«ስለታመምኩ።»

«እኔም አሞኛል» አለችና አስላ አሳየችው።

ጮኸባት። አባቴ ያቺ ልጅ ላይ ጮሆ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ለትንሽ ቀን ከወንበሩ ማዶ ቁጭ ብላ ታወራው ነበር። ቆይታ ብቅ ብላ ብቻ ትመለስ ጀመር። ከዚያ ጭራሽ ቀረች። አንድ ቀን እናቴ ማንጎ አስይዛ ላከቻት። ማንጎውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ሮጠች። እየሮጠች «አባባ አይወደኝም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ዝም ብላ እንደ ወሬ።

እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ። አባቴ መስማቱን አየሁ። ማንጎውን አልነካውም። ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞረና በጣቱ ቆጠረ።

«ሦስት ወር ከአስራ ስድስት ቀን ቀረኝ» አለኝ። «ያኔ አቅፋታለሁ። እስከዚያ ትጥላኝ ግድ የለም።»

እኔም ቆጠርኩ፤ ለዚህ አስራ ሁለተኛን መጨረስ አያስፈልግም። ዶክተሩ አራት ብሏል፣ ቢበዛ አምስት። ሦስቱ አልፏል። ይሄ ሰውዬ ልጅቷን የሚያቅፍበት ቀን ብሎ የያዘው ቀን እሱ የሌለበት ቀን ነው።

ማታ ለእህቴና ለአጎቴ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች እህቴ። «ተስፋውን ቀምተን እንገድለው?»

«ልጅሽን ነው የቀማነው።»

«ስለ ልጄ አንተ አታስተምረኝም። አስራ አንደኛን ያቋረጥክ ሰውዬ ዶክተር ሆነህ ቁጭ።»

«ዶክተሩማ ንገሩት አለ። ያልሰማሽው ባለ ዲግሪዋ ነሽ።»

አጎቴ እጁን አነሳ። «ይሄ የቤተሰብ ውሳኔ ነው። በድምፅ ብልጫ ያለቀ ነው።»

«ጋሼ፣ ባለ ጉዳዩ ድምፅ ሰጥተዋል?» አልኩት።

«ባለጌ» አለኝ። ስወጣ እናቴ ደጅ ድረስ ተከተለችኝና «ከተለየ ወዲህ አንድ ቀን እጁን አልያዝኩም» አለችኝ። ንገረውም አላለችኝ፣ አትንገረውም አላለችኝ። ገባች።

ጠዋት እንደ ልማዴ ሄድኩ። ክኒኖቹን መዳፉ ላይ ይዟቸዋል። አግዳሚውን ወንበር ተሻግሬ ገባሁ።

«ውጣ፣ ምን ሆነሃል አንተ?» አለኝ።

«አባዬ፣ ነቀርሳህ ያኛው አይደለም።»

«የቱ ያኛው? ስንት ዓይነት ነቀርሳ አለ?»

«ሁለት።»

አየኝ። እኔ ባጃጅ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ተራ ቦታ አፌ አይያዝም፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ቃል እየለቀምኩ ነው የተናገርኩት። ካንሰር ነው አልኩት። እንዳልተሳሳተ፣ ቃሉ እንዳሳሳተው፣ እኛ ደግሞ እንደተመቸን ነገርኩት። ዶክተሩ ያለውን ጊዜም ነገርኩት፤ አልጠየቀኝም፣ ግን ግማሹን ብነግረው መልሼ አጎቴን ሆንኩ ማለት ነው።

መዳፉን ከፍቶ ክኒኖቹን አየ። «ታዲያ ይሄ ምንድነው?»

«ነጩ ማስታገሻ ነው።»

«ይሄስ?»

«ቫይታሚን።»

«ቫይታሚን» አለ። «ሁለት ወር ከግማሽ ምላሴን እያነሳሁ ለቫይታሚን።»

ክኒኖቹን አልጋው ላይ አስቀመጣቸው። ፊቱ ላይ የሆነውን ለመግለጽ አልሞክርም። ውጭ ባጃጇን አስነስቼ ስለተውኳት ሞተሯ ሲያንኮራኩር ይሰማል። በድንጋጤ ይሞታል ያለችው እህቴ ትክክል ብትሆንስ አልኩ። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ስለ ሞት አይደለም።

«እና አይጋባም?»

«አይጋባም።»

«ከመጀመሪያውም?»

«ከመጀመሪያውም።»

«ደደቦች» አለ። ጮሆ አይደለም፣ ደክሞት ነው። «የደደብ ጥርቅም። ያቺን ልጅ ጥራት።»

ጠራኋት። በር ላይ ቆማ «አልመጣም» አለች። አባቴ ቢለምናት «ትጮህብኛለህ» አለችው፣ እውነቷን ነው። ሁለት ጊዜ ለመናት። በመጨረሻ «እሺ፣ እኔ ልምጣ» አለና ተነሳ። ግቢያችን ሃያ እርምጃ አትሆንም። ትከሻዬን ይዞ ሦስት ጊዜ እያረፈ አለፋት። ሙዙ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ልጅቷ ራቅ ብላ ታየዋለች። እናቴ ከቤት ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፣ እጁን ያዘች፣ አልጮኸባትም። ያን ጊዜ ልጅቷ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ እያለች መጥታ ጉልበቱ ላይ ወጣች። ጉንጩን ዳሰሰችው።

«ለምን ቀጠንክ?»

«ታምሜ።»

«ትድናለህ?»

«አልድንም» አላት፣ ዛሬ ዳቦ የለም እንደሚባለው።

ትንሽ አሰበችበት። «እሺ፣ ፈረስ ሁን።»

«እኔ አልችልም። ያ ረጅሙ ይሁንልሽ» ብሎ ወደኔ ጠቆመ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ጺም አለኝ፣ ሥራ ረፍዶብኛል። ጭቃው ላይ በአራት እግሬ ሆንኩ። ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ወጣች። አባቴ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ «ፈረሱ ሰነፍ ነው፣ ምቺው» ይላታል። በዚህ መሃል አጎቴ በሩን ገፍቶ ገባ። አባቴ ያለ ጋቢ፣ ልጅቷ አጠገቡ፣ እናቴ እጁን ይዛ። እዚያው በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ምነው ከቤት ወጣህ? አየሩ...»

«ካንሰር ነው አሉኝ» አለው አባቴ።

አጎቴ አንዴ እናቴን፣ አንዴ ቤቱን አየ። «ማነው የነገረህ?»

«ፈረሱ።»

አጎቴ ምን እንዳለኝ አልሰማሁም። ልጅቷ ሁለቱን ጆሮዬን ይዛ ወደ ጎደሬው ማሳ እየነዳችኝ ነበር።